በመንግሥት ጠረጴዛ ፊት እምነታችን አይጠየቅ፦ ከጅማ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጅማ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

በጅማ ከተማ በየደረጃው በሚገኙ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች በኃላፊነት ለምትሠሩ ሁሉ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በከተማችን ከሚገኙት ዕድሮች የአንዱ ሰብሳቢ እንደመሆኔ፣ አባላቱ በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ ተወያይተው «ቅሬታችን በጽሑፍ ይቅረብ፣ ሕዝብም ይወቀው» ብለው በወሰኑት መሠረት ነው። ለመጻፍ ያበቃን ባለፈው ክረምት የተላለፈ አንድ ውሳኔ ነው። የአቅመ ደካሞችን ቤት ለማደስ በተያዘው የበጎ ፈቃድ ሥራ የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር ከዚህ ቀደም በየሰፈሩ እየተጣራ ይቀርብ ነበር፤ አሁን ግን ይህ ቀርቶ ዝርዝሩ በየቤተ እምነቱ አማካይነት ተሰብስቦ እንዲመጣ ታዘዘ። ውሳኔውን ያስተላለፈውን ጽሕፈት ቤት በስም አንጠራም፤ የምንፈልገው አሠራሩ እንዲታረም እንጂ አንድ ሰው ተለይቶ እንዲወቀስ አይደለም። ከዚህ በታች በማነሣቸው ጉዳዮች ሁሉ የትኛው ሃይማኖት ተጠቅሞ የትኛው እንደተጎዳም ሆን ብዬ አልገልጽም። ከገለጽሁት አንባቢ ሁሉ ነገሩን ትቶ ወገኑን ይፈልጋል። ይህን ያህል ግን እመሰክራለሁ፦ በዚህች ከተማ በአንዱ ጽሕፈት ቤት የተገፋው እምነት በሌላው ጽሕፈት ቤት ገፊ ሆኖ አይተነዋል።

ከክረምቱ ውሳኔ ልጀምር። ከአባሎቻችን አንዷ ባሏ የሞተባት፣ በየቤቱ ልብስ እያጠበች ሁለት ልጆች የምታሳድግ እናት ናት። የምትኖርበት የጭቃ ቤት ጣሪያው ዝጎ ተበሳስቷል። የጅማ ክረምት ደግሞ ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ የሚወጣ መሆኑን የዚህ አገር ሰው ሁሉ ያውቃል። በሐምሌ አንድ ማታ የዕድሩን መዋጮ ልንነጋገር ከጸሐፊያችን ጋር ቤቷ ገብተን ነበር፤ ሳፋውን፣ ባልዲውንና የቡና ረከቦቱን ሳይቀር ከሚያፈሰው ሥር ደርድራለች፤ የልጆቹን ደብተር በፌስታል ጠቅልላ ግድግዳው ላይ ካለ ሚስማር አንጠልጥላለች። ልጆቹ ከአልጋው ማዕዘን ደረቅ የቀረችውን ቦታ ይዘው ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። ከዚያ ሰፈር የሷን ቤት የሚቀድም ቤት አልነበረም፤ ይህን የእድሳቱን ሥራ የያዘው ኮሚቴ አባላትም ያውቃሉ።

ልትመዘገብ ስትሄድ የተነገራት ግን «ከእምነት ቤትሽ ደብዳቤ አምጪ» የሚል ነው። እሷና ባሏ በእምነት ይለያዩ ነበር፤ ሲጋቡ የሁለቱም ወገን ዘመድ ቀዝቅዞባቸዋል፤ እሱ ካረፈ ወዲህም ስሟ በየትኛውም ቤተ እምነት መዝገብ ላይ የለም። ፈጣሪዋን ቤቷ ሆና የምትለምን ሴት ናት። «ለአሥር ቆርቆሮ ብዬ እምነት ልቀይር እንዴ፣ ጋሼ?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልስላት አጣሁ። ቤቷ ሳይታደስ ክረምቱ አለቀ። ዕድራችን ከመጠባበቂያው ገንዘብ ላይ ሸራ ገዝቶ ጣሪያውን አለበሰላት፤ ከዚህ የዘለለ አቅም የለንም።

ነገሩን ስናነሣ የተሰጠን መልስ «ቤተ እምነቶች ድኾቻቸውን ከእኛ ይልቅ ያውቋቸዋል፣ የእነሱ ምስክርነት ይታመናል» የሚል ነው። ቤተ እምነቶች ድኾቻቸውን ማወቃቸው እውነት ነው። በዘካውም፣ በአሥራቱም፣ በጽዋ ማኅበሩም ስንቱን ደግፈው እንደሚያኖሩ እኛም በዓይናችን እናያለን። ከራሳቸው በሚሰጡት ላይ ማንም ምንም ሊላቸው አይችልም። የክረምቱ ቆርቆሮና ሚስማር ግን ከነጋዴው፣ ከሠራተኛው፣ ከባጃጅ ነጂው በመንግሥት ጥሪ የተሰበሰበ የሁሉም ሀብት ነው። የሁሉንም ሀብት ለማደል የአንድ ቤተ እምነት ማኅተም መስፈርት ከሆነ፣ መንግሥት ለዜጋው «መጀመሪያ የሆነ ቤተ እምነት አባል ሁን፣ ከዚያ ዜጋዬ ትሆናለህ» ማለቱ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰዎች በሃይማኖት ልዩነት ሳይደረግባቸው እኩል የሕግ ጥበቃ እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 27 ደግሞ ማንም ሰው የሚፈልገውን እምነት እንዳይከተል መገደድ እንደሌለበት ያዛል። የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ለተቀመጠች እናት ከቆርቆሮ የበለጠ ምን ማስገደጃ አለ?

ሁለተኛው ጉዳይ ስብሰባችሁ ነው። ስለ ውስጥ ለውስጥ መንገድና ስለ ጎርፍ መውረጃ ለመነጋገር ተብሎ በተጠራ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ መርሐ ግብሩ በአንድ እምነት ጸሎት ተከፈተ፤ ጸሎቱም አጭር አልነበረም። የሌላ እምነት ተከታይ የሆኑ አዛውንቶች ተነሥተው በረንዳ ላይ ቆሙ። ጸሎቱ አልቆ ሲመለሱ ወንበራቸው ተይዞ ስለነበር ስብሰባውን ከኋላ ቆመው ጨረሱት። ስለ ጎርፉ መናገር ከነበረባቸው ሰዎች ሁለቱ ውኃው በየዓመቱ በግቢያቸው የሚያልፍባቸው እነዚያው አዛውንቶች ነበሩ፤ ሳይናገሩ ወጡ። በኋላ ለመድረክ መሪው ብናመለክት «ያልፈለገ መውጣት ይችላል፣ ማንንም አላስገደድንም» አለን። እነዚያ አዛውንቶች ጸሎት የሚጠሉ ሰዎች አይደሉም። ጸሎት ስለሚያከብሩ ነው የማያምኑበትን ጸሎት «አሜን» እያሉ ከመቀመጥ መውጣት የመረጡት።

ሦስተኛው ከዚህ የሚከብድ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነው። ለሕዝባዊ ሰልፍ፣ ለመዋጮ፣ አንዳንዴም ለፖለቲካ ድጋፍ የሚሆን መልእክት ከስግደትና ከቅዳሴ በኋላ፣ ከስብከት በፊት እንዲነበብ ለየቤተ እምነቱ ይላካል። «ማን እንዳነበበ፣ ማን እንዳላነበበ» የሚከታተል ሰውም ይመደባል። ከአባሎቻችን አንዱ የሚያገለግልበት ቤተ እምነት የኮሚቴ አባል ሆኖ «ይህ የአምልኮ ቦታ ነው፣ ማስታወቂያውን በር ላይ እንለጥፈው» የሚል ሐሳብ በማቅረቡ ብቻ በሳምንቱ ተጠርቶ «የማን ወገን ነህ?» ተብሎ ተጠይቋል። በቀጣዩ የኮሚቴ ምርጫ ላይ ስሙ እንዳይቀርብ የተነገራቸው መኖራቸውንም ሰምተናል። መንግሥት በቤተ እምነት ኮሚቴ ምርጫ ውስጥ እጁን ሲያስገባ ያ ኮሚቴ የምእመናኑ መሆኑ ይቀራል፤ ምእመናኑም ቀስ በቀስ ኮሚቴውን እንደ ቀበሌ ሹም ያዩታል። በሰፈራችን ይህ ሲሆን እያየን ነው።

አራተኛው የመቃብር ጉዳይ ነው። እንደ ዕድር ሰብሳቢ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምመኝ ይኸኛው በመሆኑ ጥቂት ላርዝመው። ቁጥራቸው አነስተኛ የሆነ የአንድ እምነት ተከታዮች የሚቀብሩበት ቦታ ከሞላ ቆይቷል። ሌላ ቦታ እንዲሰጣቸው ካመለከቱም ሰንብተዋል። ማመልከቻው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ቆይቶ በመጨረሻ የተሰጣቸው ምላሽ «በአካባቢው ካሉት የሌላ እምነት አባቶች ጋር ተስማሙና ኑ» የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ ያ ቦታ የመንግሥትና የሕዝብ መሬት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ለአምልኮ የሚውል ቦታ ያለ ጨረታ በምደባ የሚሰጥበትን መንገድ ሲያስቀምጥ፣ ውሳኔው የመንግሥት አካል ሥልጣን እንዲሆን አድርጎ እንጂ አንዱ እምነት ለሌላው ፈቃጅ እንዲሆን አይደለም። ኃላፊው መወሰን የነበረበትን ነገር ለጎረቤት እምነት አሳልፎ ሰጠ። ጎረቤቶቹም ያልጠየቁት ሥልጣን እጃቸው ገባ፤ እሺ ቢሉ ከራሳቸው ወገን ተወቃሽ፣ እምቢ ቢሉ ጨካኝ የሚያሰኝ ሥልጣን።

በዚህ መሐል ከእነዚያ ምእመናን አንዱ፣ የዕድራችን አባል፣ አረፈ። ድንኳን ጣልን፣ ወንበር ደረደርን፣ ጥሩምባ ነፋን፤ መቃብር ግን የለም። ወጣቶቻችን ዶማና አካፋ ይዘው የት እንደሚቆፍሩ ሳይነገራቸው እስከ ቀትር ቆሙ። ሟች በሚያውቁት ሁሉ ዘንድ የተወደደ ሰው ስለነበር የሁሉም እምነት ሰው ተሰብስቧል፤ ሁሉም እኔን ያየኛል። በመጨረሻ አስከሬኑን አይሱዙ ላይ ጭነን፣ ከከተማ ወጥተን፣ ዘመዶቹ ገጠር ባላቸው ማሳ ዳር፣ ከቡና ተክል ሥር ቀበርነው። ሚስቱ ከዚያ ወዲህ መቃብሩን ለማየት የምትችለው የመኪና ገንዘብ ስታገኝ ብቻ ነው። እኝህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን በዚህች ከተማ ግብር ከፍለዋል።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤ «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» የሚለው ቃል ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ በሁላችንም አፍ ላይ ያለ ነው። ነገር ግን ቃሉ ሲነገር በነበረበት በዚያው ዘመን የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ያደርጋት ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሙስሊሞች፣ ከክርስቲያን ወገኖቻቸውም ጋር ሆነው፣ የእምነት እኩልነትንና የሃይማኖትና የመንግሥት መለያየትን ጠይቀው ሰልፍ የወጡት ቃሉ ብቻውን ስላልበቃ ነው። እኛ የጅማ ሰዎችም የገዢ ሃይማኖት የመንግሥት ሃይማኖት ሲሆን በሁለቱም በኩል አይተናል፤ ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የአንዱ ዘመን፣ ከዚያ በኋላ የመጣው አስተዳደር የሌላው ዘመን ምስክር ናቸው። ሁለቱንም የማነሣው ለመክሰስ አይደለም፤ በሁለቱም ዘመን የገዢውን እምነት ያልተከተለ ሰው በሌላው ፈቃድ እንደሚኖር እንግዳ ይቆጠር እንደነበር ለማስታወስ ነው።

ደርግ ሦስቱን የእስልምና በዓላት ብሔራዊ በዓል ማድረጉ ተገቢ ነበር። ግን ያው መንግሥት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛውን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አንሥቶ በ1971 ዓ.ም. አስገደላቸው። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተገደሉ። ስለዚህ አንዳንድ ኃላፊዎች «መለያየት ስትሉ እንደ ደርግ እግዜር የለም ማለታችሁ ነው?» ሲሉን እንገረማለን። ደርግ ያደረገው መለያየት አልነበረም፤ ገብቶ መግዛት ነበር። እኛ የምንለምነው የዚህን ተቃራኒ ነው።

ከዚያ ወዲህ በጽሑፍ የተሻለ ሕግ አለን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ በሦስት አጫጭር ንዑሳን አንቀጾች ይደነግጋል። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የሥነ ዜጋ መምህር ነበርሁ፤ እነዚያን ንዑሳን አንቀጾች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኋቸው አልቆጠርሁትም። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ሦስተኛውን፣ ጣልቃ አለመግባትን የሚመለከተውን፣ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ሙስሊሙ ኅብረተሰብ «ድምፃችን ይሰማ» ብሎ ሲነሣ ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱ የመጅሊስ (የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት) ምርጫ በመስጊድ ይካሄድ የሚል ነበር፤ ምርጫው ግን በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ በቀበሌ ተደረገ። በጥር 2015 ዓ.ም. ደግሞ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በጳጳሳት ሹመት የተነሣ ውዝግብ ሲፈጠር፣ ቅዱስ ሲኖዶስ መንግሥትን በጣልቃ ገብነት ወቅሷል። አንቀጹ የሚጥሰውን ሲያገኝ የሚከፋው አንድ እምነት ብቻ እንዳልሆነ እነዚህ ሁለቱ ብቻ ይበቃሉ።

ጉዳዩ ለአካባቢያችን ከሌላው የበለጠ የሚያሳስብበት ምክንያትም አለ። በ2003 ዓ.ም. ከዚሁ ከዞናችን ከአሰንዳቦ በአንድ ወሬ የተነሣው ግጭት በአጭር ጊዜ ተዛምቶ ብዙ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ሰው ሞቷል፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ወሬ በሚነሣበት ቀን ሰው ሮጦ የሚሄደው ወደሚያምነው ነው። ቀበሌውንና ፖሊስ ጣቢያውን የሁሉም አድርጎ ካላየው፣ ሮጦ የሚገባው ወደ ወገኑ ነው። በረንዳ ላይ የቆሙት አዛውንቶች ልጆች ነገ ችግር ቢነሣ ያንን አዳራሽ የእነሱ ቤት ብለው ይገቡበታል ብለን መናገር አንችልም።

መለያየት ማለት ሃይማኖት ከአደባባይ ይጥፋ ማለት እንዳልሆነም እናውቃለን። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ጉዳይ ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ ከአባሎቻችን መካከል በሸሪዓ ፍርድ ቤት ጉዳያቸውን የጨረሱ አሉ፣ የረኩም አሉ። የዚያ ሁሉ መሠረት ግን ፈቃድ ነው። ሁለቱም ወገን «እሺ» ብለው ሲገቡ እንጂ አንደኛው ስለፈለገ ብቻ አይደለም። በሽምግልናም የሃይማኖት አባቶች የሚሠሩትን የሚተካ የለም። የመንግሥትን ማኅተም ግን አይያዙ፤ መንግሥትም የእነሱን መስቀልና ምንጣፍ አይዋስ።

በዕድራችን ግምጃ ቤት ሁለት ዓይነት ድስቶች አሉ፤ የአንዱ እጀታ ቀይ፣ የሌላው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ እርዱ ለየብቻ ስለሆነ ወጡም ለየብቻ ይሠራል። ቀለሙ ሲለቅ እናቶች ራሳቸው እንደገና ይቀቡታል፤ አንድም ቀን ተቀያይሮ ጠብ ተነሥቶ አያውቅም። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ጀበናው፣ የቀብር መዋጮው ግን አንድ ነው። በአባላት መዝገባችን ላይ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ወርኃዊ መዋጮና የቤተሰብ ብዛት አለ። የሃይማኖት ዓምድ የለም፣ ኖሮም አያውቅም። እናቶቻችን ድስቱን ለይተው ያውቃሉ፣ ጸሐፊያችን ግን ገንዘብ ሲቀበልም ሲከፍልም የማንንም እምነት አይጠይቅም። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አባላት ያሉበት ዕድር ይህን ለዓመታት ከጠበቀ፣ በጀት፣ የሕግ ባለሙያና ማኅተም ያለው ጽሕፈት ቤት የማይችልበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህ የሚከተሉትን በአክብሮት እንጠይቃለን።

በክረምቱ የቤት እድሳት ሳይካተቱ የቀሩ ነዋሪዎች ጉዳይ በሰፈር ደረጃ፣ ቤቱ በአካል ታይቶ፣ እንደገና ይጣራ። ዕድራችን የሚያውቃቸውን ችግረኞች አድራሻ ለማቅረብ ዝግጁ ነው። ያቺ እናት ግን የሚቀጥለውን ክረምት በሸራ ሥር መጠበቅ የለባትም፤ የሷ ጉዳይ አስቸኳይ ተብሎ ይታይልን።

ለማንኛውም የመንግሥት አገልግሎት፣ ድጋፍም ሆነ ምዝገባ፣ ከቤተ እምነት ደብዳቤ መጠየቅ ይቁም። ለአገልግሎቱ የማያስፈልግ የሃይማኖት ጥያቄ ካለም ከቅጾች ላይ ይውጣ።

በመንግሥት የሚጠሩ ስብሰባዎች በአጀንዳቸው ይከፈቱ። መጸለይ የሚፈልግ ሰው ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት በየራሱ ይጸልይ፣ ለዚያም ጥቂት ደቂቃ ይሰጥ።

የመንግሥትም ሆነ የፓርቲ መልእክት በአምልኮ ሰዓት እንዲነበብ ማዘዝና ያላነበበን መከታተል ይቅር። በቤተ እምነት ኮሚቴዎች ምርጫም ማን ይቅረብ፣ ማን አይቅረብ የሚል ቃል ከጽሕፈት ቤት አይውጣ።

ለመቃብርና ለአምልኮ ቦታ ጥያቄ መስፈርቱ፣ የሚፈጀው ጊዜና ወሳኙ አካል በግልጽ ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ጎረቤት ቅሬታ ካለው ይሰማ፣ ፈቃጅ ግን አይሁን። ቦታ አጥተው የሚገኙት ምእመናን ማመልከቻ «አዎ» ወይም «አይሆንም» የሚል፣ ምክንያቱ የተጻፈበት ምላሽ ያግኝ። ከአባሎቻችን መካከል ዕድሜያቸው የገፋና የታመሙ የዚያው እምነት ተከታዮች ስላሉ፣ ይህ ጉዳይ ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም።

መልሳችሁን በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለውይይት ብትጠሩንም በዕድራችን ካሉት እምነቶች የተውጣጡ ሰባት አባላት መርጠን በተባለው ቀን እንገኛለን።

ከአክብሮት ጋር፤

የዕድሩ ሰብሳቢ
ጅማ

ግልባጭ፦
ለዕድሩ አባላት በሙሉ
በየአካባቢው ለሚገኙ ዕድሮች